ሲሞንን ማን አስተማረው

ኖይሃገን፣ ጀርመን
ጥቅምት 5 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ዓብዩ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ይህች ወረቀት እርስዎንና ባለቤትዎን እትዬ ወርቅዬን በጤናና በሰላም እንድታገኛችሁ እመኛለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ገብቷል።

ስልክ ብደውል እንደማይሰሙኝ እትዬ ወርቅዬ ነግረውኛል። ባቡር ጥገና ውስጥ ሠላሳ ዓመት የተቀጠቀጠው ብረት ጆሮዎን ይዞት እንደቀረ ሰማሁና አዘንኩ። ስለዚህ እንደ ጥንቱ በደብዳቤ ልሞክር ብዬ ነው።

የምጽፈው ስለ ልጄ ስለ ሲሞን ነው። አባቱ ሆልገር ሲያርፍ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከኳስ ሌላ የሚያጽናናው አልነበረም። አንድ ትልቅ ክለብ በልጅነቱ ወስዶ አሠልጥኖት ነበር፤ አሥራ ስድስት ሲሞላው ግን አሰልጣኙ አስጠርቶን «ልጁ ጨዋ ነው፣ ይተጋል፣ ግን ለዚህ ሥራ ዘገምተኛ ነው» አለን። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ጫማው በሩ ላይ የለም፤ ሜዳ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰፈር ቡድን ጋር በጭቃ ላይ ሲጫወት ቆየ።

አሁን የዚህች የትንሿ ከተማ ክለብ፣ ሦስተኛ ሊግ ውስጥ ያለ፣ ውል አስፈርሞታል። የመሀል ተከላካይ ነው። ደመወዙ ብዙ አይደለም፤ ሆኖም ከእንግዲህ ሥራው ኳስ ነው። እርስዎ የባቡር ቡድን ተከላካይ ስለነበሩ ቢያውቁት ደስ ይልዎታል ብዬ አሰብኩ። ፎቶግራፉን አያይዣለሁ።

አክባሪዎ
ፋና

ድሬዳዋ
ኅዳር 2 ቀን 2006 ዓ.ም.

ልጄ ፋና፣

የቁልቢው ገብርኤል ጥላውን በአንቺና በልጅሽ ላይ ይዘርጋ። እኔም ወርቅዬም አለን። እሷ በስኳር፣ እኔ በጆሮ፤ ሌላው ሙሉ ነው።

መጀመሪያ አንድ ቅሬታ አለኝ። «እርስዎ» የሚለውን ከየት አመጣሽው? ድሬ ላይ ከንቲባውም «አንተ» ነው የሚባለው! ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንቺን በስድስት ዓመትሽ ትቶልኝ ሲሄድ በእጄ አጉርሼ አሳድጌሻለሁ። ደብዳቤሽን ሳነበው ከቀበሌ የመጣ መሰለኝ።

ፎቶውን ይዤ የደቻቱን ድልድይ ተሻግሬ መጋላ ሄድኩ፣ ጨርቅ ነጋዴው አብዲቃድር ጋ። ታስታውሺው እንደሆነ፣ ያኔ ቀጭን ነበር፤ አሁን ሱቁን ሞልቶታል። ፎቶውን አገላብጦ አየና «ወላሂ፣ ይሄ ልጅ የእናንተ ነው፤ አቋቋሙን እየው!» ብሎ ከራሱ አባት ፎቶ አጠገብ ሰቀለው።

እኔንም የገረመኝ አቋቋሙ ነው። ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል፤ አይንቀዠቀዥም፤ እጁን ወደ ኋላ ሰብስቧል። ይህን አቋቋም የባቡር ቡድን ነው ያመጣው። ግሪኩ አሰልጣኛችን በዱላ እያስተካከለ ነው ያስተማረን። የጀርመን ልጅ ከየት አገኘው? ማን አስተማረው? ጻፊልኝ።

ንገሪልኝ፦ የአጥቂን እግር አይመልከት፣ እግር ይዋሻል። እምብርቱን ይይ። እምብርት ዋሽቶ አያውቅም። ደግሞ ተከላካይ ማለት የደቻቱ ድልድይ ማለት ነው፤ ጎርፍ እስኪመጣ ማንም ልብ አይለውም። ስሙ ካልተጠራ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነውና አይዘን።

ብር አትላኪ፤ ፎቶ ላኪ።

አጎትሽ ዓብዩ

ኖይሃገን
ግንቦት 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ከእነ ሙሉ አክብሮቱ ይድረስዎ። ሁለት ዓመት ተኩል መልስ ሳልሰጥ መቆየቴን ይቅር ይበሉኝ። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው፤ ፈረቃው ሰው አያደርግም።

ዛሬ የምጽፈው የምሥራች ስላለኝ ነው። ክለቡ ወደ ሁለተኛው ሊግ አደገ! ሲሞን ከሠላሳ ስምንት ጨዋታ በሠላሳ ስድስቱ ተሰልፏል። በመጨረሻው ጨዋታ አፍንጫው ተሰብሮ ጥጥ ወትፎ ጨረሰ። ቤት ሲመጣ «እማዬ፣ እንዴት ነው መልኬ?» አለኝ። «ከድሮው ይሻላል» አልኩት።

እዚህ አሮጊቶቼ ሁሉ ደጋፊዎቹ ሆነዋል። የዘጠና አንድ ዓመት ሴት መድኃኒቷን የምትውጠው ሲሞን ማሸነፉን ስነግራት ብቻ ነው። ሲሸነፍ እዋሻታለሁ።

የእምብርቱን ነገር ነግሬዋለሁ። ሳቀ፤ ከዚያ አሰበበት። በሳምንቱ አንድ በጣም ፈጣን አጥቂ ገጠመው፣ ጋዜጣ የሚያወራለት። ዘጠና ደቂቃ አንድም ጊዜ አላለፈውም። «ለድሬው አያቴ ምክሩ ሠራልኝ በይልኝ» ብሏል።

ማልያውን በዚሁ ጥቅል ልኬያለሁ። ለእትዬ ወርቅዬ የስኳር መለኪያም አለበት።

አክባሪዎ
ፋና

ድሬዳዋ
ሚያዝያ 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

ፋኒዬ፣

ሰማይና ምድርን ያጸና አምላክ ልጅሽን ያጽናልሽ። ዓምና «ወደ አንደኛው ሊግ አለፍን» ብለሽ የላክሽው ካርድ ደርሶኝ ነበር። ማመን አቅቶኝ ዴቃን፣ የአብዲቃድርን ልጅ፣ በስልኳ እንድታረጋግጥ አደረግኳት። የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ናት፣ እንግሊዝኛ ታነባለች። «ጋሼ ዓብዩ፣ እውነት ነው፤ አምበልም ሆኗል» አለችኝ። አምበል መሆኑን አንቺ አልጻፍሽም! እንዲህ ያለ ነገር ይዘለላል?

አሁን አብዲቃድር ዲሽ አስገብቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ድልድዩን ተሻግሬ እሄዳለሁ። እኔ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ስለማልሰማ በእጁ ይነግረኛል፤ ደረቱን ከመታ ጥፋት ነው፣ ክንዱን ካነሳ ማዕዘን ምት፣ ራሱን ከያዘ ሊገባብን ነበር። ሲሞን ኳስ ሲያወጣ ግን ምልክት የለውም፤ ዝም ብሎ ጉልበቴን ይጨብጣል። ጉልበቴ በልጅሽ የተነሳ ጠቁሯል።

የካቲት ውስጥ ከትልቁ ቡድን ጋር ያደረጉትን አየሁት። ግብ ጠባቂው ወጥቶ፣ በሩ ባዶ፣ አጥቂው ሊያገባ እግሩን ሲያነሳ ልጅሽ ከየት እንደመጣ እንጃ ተንሸራቶ ከመስመሩ ላይ ጠረጋት። ተነሳ፣ አቧራውን እንኳ አላራገፈም፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ጨርቅ ልትገዛ የመጣች ሴትዮ ደንግጣ ወጣች። እኔ አለቀስኩ። በሰባ አራት ዓመቴ ለኳስ አለቀስኩ።

ለብሔራዊ ቡድናቸው አልጠሩትም አሉ። ግድ የለም። የጠሩት ሁሉ ከእሱ አይበልጥም።

እንደገና እጠይቅሻለሁ፤ ባለፈው ዘለልሽው። ያን አቋቋም ማን አስተማረው?

አጎትሽ ዓብዩ

ድሬዳዋ
ሐምሌ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ ፋና፣

ደህና ናችሁ ወይ? ዓመት ከሦስት ወር ድምፅሽ ጠፋብኝ። ምንም አልፈልግም፣ ፎቶም ቢሆን ይቅር። አንድ መስመር፣ «አለን» የምትል ብቻ።

ዝናቡ ከብዶ ደቻቱ ሞልቷል፤ መጋላ ከሄድኩ ቆየሁ። ኳስም ያለቀ ይመስለኛል። ወርቅዬ ትስምሻለች።

አጎትሽ

ኖይሃገን
ታኅሣሥ 11 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ዓብዩ፣

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። አለን። ደብዳቤዎ ጠረጴዛዬ ላይ አምስት ወር ተቀምጧል። መልሱን ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አላዩት እንደሆነ ልንገርዎ።

ባለፈው ግንቦት የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። አቻ ብንወጣ አንደኛ ሊግ እንቆያለን። ዝናብ ነው። እስከ ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ድረስ ዜሮ ለዜሮ። ከግራ በኩል ኳስ ተሻገረች። ሲሞን ከኋላው አጥቂ እንዳለ ስለሚያውቅ ተንሸራቶ ሊያወጣት እግሩን ዘረጋ። ኳሷ ቅልጥሙን ነክታ ወደ ራሳችን መረብ ገባች። እኔ እዚያው ነበርኩ። ሠላሳ ሺህ ሰው ዝም ሲል ምን እንደሚመስል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ወረድን። ጨዋታው ሲያልቅ ሌሎቹ ወደ ልብስ መቀየሪያ ሮጡ። ሲሞን ብቻውን ደጋፊው ወደ ተሰበሰበበት ሄደ። አንዱ ሙሉ የቢራ ብርጭቆ ወረወረበት፤ ፊቱን ጠርጎ ቆመ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ሰደቡት፣ ሰደቡት፣ አልሄደም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ አጥሩን ተደግፎ «ልጄ፣ ግባ፣ ትታመማለህ» አለው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

ከዚያ በኋላ በስልኩ የጻፉለትን አልደግመውም። ስለ ቆዳው ቀለም፣ ስለ እኔ፣ ስለመጣሁበት አገር። ሁለት ሳምንት መጋረጃ ሳንከፍት ኖርን። ሌላ ክለብ፣ አንደኛ ሊግ ያለ፣ ሊወስደው መጣ። ደመወዙ ከእጥፍ በላይ ነበር። እኔም «ሂድ፣ ማን ይይዝሃል» አልኩት።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ ያወረድኳቸው። እኔው ነኝ የማወጣቸው» አለኝ።

«ካልቻልክስ?»

«ሞክሬ ያልቻልኩ እሆናለሁ። ሸሽቼ ያልቻልኩ አልሆንም።»

ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። ያን ቀን ልጄን አከበርኩት፤ ከመውደድ ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ «አንቺስ፣ ስትጫወቺ በራስሽ ግብ አግብተሽ ታውቂያለሽ? አንቺንስ ማን አስተማረሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። እርስዎ የጠየቁኝን እሱም በሌላ በኩል ጠየቀኝ። ስለዚህ መልሱን ይኸው።

ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በየቀኑ ከሥራ በኋላ፣ በአቅራቢያችን ባለው መናፈሻ፣ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ። ሆልገር ኳስ አይወድም ነበር። አቋቋሙን ከእርስዎ ነው የወሰድኩት። ባቡር ሜዳ ግንቡ ላይ ተቀምጬ እርስዎን ሳይ ነው ያደግኩት። ከዚያ ደቻቱ ሲደርቅ አሸዋው ላይ ከወንዶቹ ጋር እጫወት ነበር፤ የቡድናችሁን አሮጌ የቆዳ ኳስ ሰርቄ።

በ1975 የሆነውን አልረሱትም። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። በጆሮዬ ጎትተው ከአሸዋው አወጡኝ፣ ጓደኞቼ እያዩ። ኳሷን በጩቤ ተረተሯት። «የወንድሜን ልጅ የመንደር መሳቂያ አላደርግም» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኳስ ነክቼ አላውቅም ነበር፤ ሲሞን እስኪወለድ ድረስ።

ሳልጽፍልዎ የቆየሁት በፈረቃ ብቻ አይደለም።

አክባሪዎ
ፋና

ድሬዳዋ
ጥቅምት 3 ቀን 2013 ዓ.ም.

ልጄ ፋና፣

ጤና ይስጥልኝ። ያ በሽታ ዓለሙን ሲዘጋ ፖስታውም ተዘጋና ደብዳቤሽ የደረሰኝ ነሐሴ ላይ ነው። ወረርሽኙ ለእኛ ራራልን፤ ወርቅዬን ግን ስኳሩ ወሰዳት። ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን ቀበርናት። የላክሽላት መለኪያ እስከ መጨረሻው ከትራሷ ሥር ነበር።

ኳሱን አይቼው ነበር። የዚያን ቀን መጋላ ነበርኩ። ኳሷ ስትገባ አብዲቃድር ምንም ምልክት አላሳየኝም፤ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። በኋላ «ለዱዓ እንነሳ» አለ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ተነስተን ለልጅሽ ለመንን። «መጋላ ከሄድኩ ቆየሁ» ያልኩሽ አንቺ እስክትነግሪኝ ብዬ ነው። ሰው ቁስሉን ራሱ ካልገለጠው ሌላው አይነካውም።

ሲሞን ክለቡን ሳይለቅ መቅረቱን ዴቃ ነገረችኝ። ብዙ ሰው ግብ ሲያገባ አይቻለሁ። ብርጭቆ ተወርውሮበት የቆመ ግን አላየሁም። እኔ በእሱ ዕድሜ ብሆን እሮጥ ነበር።

ስለ ሌላው የጻፍሽውን አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።

አጎትሽ ዓብዩ

ኖይሃገን
ግንቦት 30 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

የእትዬ ወርቅዬን ነፍስ በደጋጎቹ እቅፍ ያኑርልን። ዘግይቼ ነው ያጽናናሁዎት፤ ይቅር ይበሉኝ። በልጅነቴ ሲያመኝ እግሬን በሞቀ ውኃ የሚያጥቡኝ እሳቸው ነበሩ።

ወጣን።

መጀመሪያው ዓመት አራተኛ ሆንን፤ ሁለተኛው ዓመት በአንድ ነጥብ ቀረን። ክፉ ተናጋሪው «ያ ተከላካይ እድል የለውም» ይል ነበር። ዘንድሮ ሠላሳ አራቱንም ጨዋታ ተጫወተ። በጉልበቱ ውስጥ ያለው ትራስ ማለቅ እንደጀመረ ሐኪሞቹ ነግረውት ነበር፤ ለእኔ አልነገረኝም። በመጨረሻው ጨዋታ አንድ ለዜሮ እየመራን የመጨረሻዎቹን አሥራ አምስት ደቂቃ በራችን ላይ ጎርፍ ነበር። በጭንቅላቱ፣ በደረቱ፣ በጭኑ መለሰው። ፊሽካው ሲነፋ ሜዳው ላይ ተንበርክኮ መነሳት አቃተው፤ ጉልበቱ ነበር። ተሸክመው ወደዚያው ደጋፊ ወሰዱት። ያ ሽማግሌ አሁንም አጥሩ ጋ ነበር፤ ኮቱን አውልቆ አለበሰው።

ስሙን ዘጠና ደቂቃ ጠሩት። እርስዎ ስሙ ካልተጠራ ሥራውን ሠርቷል ብለው ነበር። ለአንድ ቀን ይፍቀዱለት።

ፋና

ኖይሃገን
ሐምሌ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አጭር ናት። ሲሞን በቃኝ አለ። ሁለት ዓመት በማደንዘዣ መርፌ ነው የተጫወተው። በስንብቱ ቀን አራት ቁጥር ማልያውን ከእንግዲህ ማንም እንዳይለብሰው ክለቡ ወሰነ። በአሥራ አንድ ዓመት ሦስት መቶ አርባ ጨዋታ፣ ሁለት ቀይ ካርድ፣ አምስት ግብ። «ስድስት» ይላል እሱ፣ ያችንም ጨምሮ። አሁን መቀለድ ችሏል።

ከእንግዲህ የክለቡን ሴቶች ልጆች ቡድን ሊያሠለጥን ነው። ከዚያ በፊት ድሬዳዋን ማየት ይፈልጋል። በጥር ይመጣል። ከእርስዎ ጋ ቢያርፍ ይመችዎታል?

እኔ አልመጣም፤ ሥራ አለብኝ።

ፋና

ድሬዳዋ
ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋኒዬ፣ የወንድሜ ልጅ፣

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ፊደሌን ታገሺው።

ልጅሽ በሰላም መጥቶ በሰላም ተመልሷል። አሥራ ሁለት ቀን ከእኔ ጋር ኖረ። ባጃጅ ሲገባ አንገቱን አጥፎ ነው፣ ግንድ የሚያህል ሰው! ጣፋጩን ሙሸበክ እየበላ ጣቱን ሲልስ አንቺን መሰለኝ። ገጠር ወጥተን ዋሂል ድረስ ወስጄዋለሁ። ሄደን ያልተሳምንበት ቤት የለም። ጠዋት ጠዋት ያቺን የታመመች ጉልበቱን ይዞ የእኔን ግቢ ይጠርግ ነበር፤ ብቆጣውም አይሰማኝም፤ አማርኛው ሲያቅተው ይስቃል።

በስምንተኛው ቀን አብዲቃድር ሱቁን ዘግቶ ሰው ጠራ። ከባቡር የቀረን ሽማግሌዎች፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሰዎች፣ የመጋላ ነጋዴዎች፣ ከፓርኩም የዴቃ ጓደኞች። ሲሞን መሀል ተቀመጠ። ዴቃ ታስተረጉማለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ፤ የተባለውን በደብተር ትጽፍልኛለች። አንዱ ጠየቀው፦

«በዚህ ሁሉ ዓመት ያስቸገረህ አጥቂ ማን ነው?»

ትልልቅ ስም ስንጠብቅ እሱ በአማርኛ «እማዬ» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «እስከ አሥራ አራት ዓመቴ ድረስ አንድም ጊዜ አልፌያት አላውቅም። ስታጠቃ ደግሞ አላስቆማትም። ያስተማረኝ ሰው ሁሉ ከእሷ በኋላ ነው የመጣው» አለ። ዴቃ ጽፋ አሳየችኝ። ሰዎቹ አሁንም ይስቃሉ፤ ልጅ እናቱን ሲያሞግስ መስሏቸው ነው።

ፋና፣ ያን ጊዜ ተነሳሁ። ከምርኩዜ ጋር ስንቋቋ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ድምፄን ስለማልሰማው ጮኼ ይሆናል። እንዲህ አልኩ፦ «ቀልድ አይደለም። የወንድሜ ልጅ ፋና ከእኔ የምትበልጥ ተጫዋች ነበረች። አሸዋው ላይ አንድ ቀን ተደብቄ አይቻታለሁ። አውቄው ነበር። አውቄ ነው የከለከልኳት። የሰው አፍ ፈርቼ ኳሷን በጩቤ ቀደድኩ። ይህ ልጅ እዚህ የደረሰው በእሷ ነው፤ በእኔ አይደለም። ማልያውን ለብሼ በከተማው የዞርኩትም በማይገባኝ ነው።» ተቀመጥኩ።

ከዚያ አብዲቃድር ከባንኮኒው ወጣ፣ ወደ ግራ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ ትንሽ ወደምትሰማው፣ ጮኸ፦

«ወሪያ ዓብዩ! አቦ አንተ ምን ነክቶሃል? የሰው አፍ ትላለህ? እኛ እኮ ጋሪውን ድልድዩ ላይ አቁመን ነበር የምናያት! አባቴ፣ ያ ቁጡ ሰውዬ፣ ከሰዓት በኋላ ከአስር ሶላት ሲወጣ "ያቺ ልጅ ዛሬ ትጫወታለች?" ይል ነበር። ስትቀር ታመመች ብለን ነው ያሰብነው።»

የፋብሪካው ሲራጅ ተነስቶ «እኔን አሸዋ ላይ ሁለቴ ጥላኛለች» አለ። ሌላውም ተነሳ። አንዱ የሌላውን እየቀማ ስላንቺ ተናገሩ። ዴቃ መጻፍ አቅቷት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ታዲያ ለምን ያኔ አልነገራችሁኝም?» አልኩ።

«መች ትሰማ ነበር?» አለ አብዲቃድር። «ያኔ ጆሮህ ደህና ነበር፤ አንተ ግን አትሰማም ነበር።»

ልጄ፣ አርባ ሁለት ዓመት ሰው ይሳለቅብሻል ብዬ ስፈራ ኖርኩ። ለካስ ሲያደንቅሽ ነበር። መሳቂያ የሆንኩት እኔ ነኝ፤ ይገባኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት አፌ ደርቋል፤ ግን እላለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ካልሆነልሽም እውነትሽን ነው፤ አልከስሽም።

ልጅሽ ያን ምሽት ወደ ቤት ስንሄድ እጄን ይዞ ድልድዩን አሻገረኝ። ጨዋ አሳድገሻል።

ዓብዩ

ኖይሃገን
ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ዓብዩ፣

እንደምን አለህ? ሰላምና ዕድሜ ይጨምርልህ፤ በድሬ ወግ «አንተ» ብዬሃለሁ፣ ደስ ይበልህ።

ደብዳቤህን መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። አርባ ሁለት ዓመት እኮ ነው። ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በሦስተኛው ሳምንት አውጥቼ ለሲሞን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አብዲቃድር ጋ ስደርስ፣ አባቱ ከሶላት ሲወጣ የጠየቀው ጋ፣ ማንበብ አቃተኝ። ሲሞን ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ፊደሉን እየቆጠረ ጨረሰልኝ።

ሁሉም ሽሮልኛል ብዬ አልዋሽህም። ግን ተደብቀህ አይተኸኝ እንደነበር አላውቅም ነበር። ያን ማወቄ ምን እንዳደረገልኝ እዚህ ወረቀት ላይ አይጻፍም። በጥቅምት እረፍት ወስጄ እመጣለሁ፤ የቀረውን እዚያ እንጨርሰው። ለአብዲቃድር ንገረው፣ ለሲራጅም፤ ከሁለት ጊዜ በላይ ነው የጣልኩት።

አሁን ዜናዬን ልንገርህ። እዚህ አዛውንቶች የሚጫወቱት እግር ኳስ አለ፤ መሮጥ ክልክል ነው፣ በእርምጃ ብቻ። ሲሞን ሳይነግረኝ ስሜን አስመዘገበ። «ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፣ ትቀልዳለህ?» አልኩት። «ተከላካይ ጎድሏቸዋል» አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታዬን አደረግኩ። ከእኔ በስተቀር ሁለት ሴቶች አሉ፤ የቀረው ጡረታ የወጣ ወንድ ነው። ሲሞን ከመስመሩ ውጭ ቆሞ እንደ እብድ ይጮህብኝ ነበር፤ «እማዬ ጎንሽን ስጪ! እማዬ አትሩጪ!» ሮጠሻል ተብዬ ሁለት ጊዜ ተቀጣሁ። አንድ የቀድሞ ፖሊስ፣ ቁመቱ የቴሌ ምሰሶ የሚያህል፣ እግሩን እያወዛወዘ ሊያታልለኝ መጣ። እኔ እምብርቱን እያየሁ ነበር። ኳሷን ወስጄበት ስሄድ ቆሞ ቀረ።

ሁሉ ነገሬ ያመኛል። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። ግቡ ግን በእኔ በኩል አልገባም።

ልጅህ
ፋና